የቶኪዮ ሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ነጥብ፦ ጠይቁኝ

ጁኩ፣ ማለትም የማታ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት፣ አስተምራለሁ። የማውቀው የቶኪዮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ነው። ጃፓን 47 ግዛት አላት፤ ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል። ስትጠይቁ ቦታ ጻፉ።

የካትሱሺካዋ እናት፦ መምህር፣ ካትሱሺካ፣ የቶኪዮ ወረዳ ነን። ልጄ በሒሳብ ጎበዝ ነው። ሙዚቃ ግን 2 አመጣ። ያሳስባል?

መልስ፦ በጣም እንጂ እህቴ! በመጀመሪያው ዙር ከ1000 ነጥብ 700ው የየካቲት ፈተና ነው። 300ው ናይሺን፣ ልጁ አሁን የሚማርበት የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚልከው የክፍል ውጤት። ናይሺን ላይ 9 ትምህርት አለ፣ እያንዳንዱ ከ5። የሚፈተኑባቸው አምስቱ እንዳሉ ይደመራሉ፦ 25። የማይፈተኑባቸው ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ስፖርትና የእጅ ሙያ ግን በ2 ይባዛሉ፦ 40። ድምሩ 65 ወደ 300 ይለወጣል።

እስኪ አስዪው። ሙዚቃው ከ2 ወደ 3 ቢወጣ ወደ 9.2 ነጥብ ያገኛል። ፈተናው ከ500 ወደ 700 ስለሚለወጥ አንድ ማርክ 1.4 ነው። ስለዚህ ያቺ አንዲት የሙዚቃ ደረጃ ከ6 የፈተና ማርክ ትበልጣለች። ወላጆች ለሒሳብ ጁኩ ይከፍላሉ፤ ልጁ የፕላስቲክ ዋሽንቱን ቤት ጥሎ ይሄዳል። በየዓመቱ የማየው ይሄንን ነው።

ዳኒ፦ ሄንሳቺዬ 58 ነው። እገባለሁ?

መልስ፦ የት? ሄንሳቺ የሙከራ ፈተና አዘጋጆች ስሌት ነው፣ አማካዩ 50። ትምህርት ቤቱ አይደምረውም።

ሄለን፦ የስንተኛ ዓመት ውጤት ነው የሚታየው?

መልስ፦ ቦታ ጻፉ ብያለሁ እኮ። ከመካከለኛ ደረጃ ሦስት ዓመታት ቶኪዮ የ3ኛውን ብቻ። ካናጋዋ 2ኛውን ጨምሮ፣ 3ኛውን በእጥፍ። ኦሳካ ሦስቱንም፣ 1 ለ1 ለ3።

ሳሚ፦ ሩጫ የማይችል ልጅ ምን በደለ?

ቤቲ፦ ሩጫው ይቅር። ከ2002 ወዲህ 5 በኮታ፣ ለተወሰኑ ልጆች ብቻ፣ መሰጠቱ ቀርቷል። አንዱ መምህር ይለግሳል፣ ሌላው ይሰስታል። ፈተናው ይሻላል።

ሳሚ፦ ፈተናውማ ጁኩ መክፈል ለሚችል ነው!

መልስ፦ እኔን ነው የምትሉት? ክርክሩን ሌላ ቦታ። የቤቲ ነገር እውነት አለው፤ ግን ቤት የቀረ ዋሽንት ለጋሱም ጋ አያዋጣም።

ሄለን፦ የእንግሊዝኛ መናገር ፈተናስ?

መልስ፦ 20 ነጥብ፤ ከ2023 መግቢያ ጀምሮ። ድምሩ 1020 ይሆናል።

የካትሱሺካዋ እናት፦ ዋሽንቱን ከሶፋ ሥር አገኘሁት።

ዮናስ፦ ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ስፖርት ይቆጠራል?

መልስ፦ በ2። ከላይ አንብብ። ደግሞ የት ነህ?