መልስ፦ ኮምቦልቻ ላይ ለፓርቲያችን ቤት ለቤት ስንዞር ተከራዮቹ አያናግሩንም

ሰዓቱንም ወሬውንም ቀይር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ የሚከራዩት ልጆች በፈረቃ ነው የሚሠሩት። በሥራ ቀን ጠዋት ስታንኳኳ ግማሾቹ ሥራ ላይ፣ ግማሾቹ እንቅልፍ ላይ ናቸው። እሁድ ከሰዓት ሂድ። ልብስ ሲያጥቡ፣ ቡና ሲያፈሉ ግቢው ውስጥ ታገኛቸዋለህ። መጀመሪያ ግን አከራይዋን አስፈቅድ።

ከፓርቲህ በፊት ስለ ምዝገባ ንገራቸው። ብዙዎቹ «እኛ የገጠር ልጆች ነን፣ የዚህ ከተማ ምርጫ አይመለከተንም» ይላሉ። ይመለከታቸዋል! በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር ከኖረ እዚያው ተመዝግቦ ይመርጣል። የቤት ባለቤት መሆን አይጠበቅበትም። ይህን ሲሰሙ ጥያቄውን ራሳቸው ያመጡታል፦ የቤት ኪራይ፣ ውሃ፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ የመንገዱ ጨለማ። ያኔ ፓርቲህ ስለዚያ ምን እንደሚል ተናገር። መልስ ከሌለህ አትቀባጥር፤ ጠይቀህ ተመለስ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ዕድር ስብሰባ ላይ ቅስቀሳ እንዳታነሳ። ደሴ ውስጥ አንድ ወጣት ሲሞክረው አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ በጨዋ ደንብ አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰፈሩ በሩን ዘጋበት። የዕድሩን ሰዎች ማናገር ከፈለግህ በየቤታቸው ሂድ።