ልጅዎ የትምህርት ቤት ደንብ ለመቃወም ስትነሣ

እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ «የተያዘ ሞባይል እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይመለስም» በማለቱ የ10ኛ ክፍል ልጅዎና ጓደኞቿ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ክፍል ላለመግባት መስማማታቸውን ገልጸው፣ «ልከልክላት ወይስ ዝም ልበላት?» ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱንም ባያደርጉ እመርጣለሁ፤ ቢከለክሏት ደብቃ ታደርገዋለች፣ ዝም ቢሏት ደግሞ የሚከተለውን ቅጣት ብቻዋን ትጋፈጣለች።

በእኛ ቤት ጉዳዩ የበር ጉዳይ ነበር። ልጄ 11ኛ ክፍል ሳለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ የደረሰ ተማሪ እስከ ዕረፍት ድረስ ከግቢ ውጭ እንዲቆም ታዘዘ፤ ከሩቅ ሰፈር በታክሲ ሰልፍ የሚመጡት ልጆች መንገድ ዳር ሲቆሙ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፈተና ያመልጣቸው ነበር። ተማሪዎቹ በአንድ ጠዋት ሁሉም ውጭ ሊቀሩ ተማከሩ። ልጄ ይህን ሲነግረኝ ወረቀት ሰጥቼው የሚቃወመውን እንዲጽፍ ጠየቅሁት። የጻፈው በአብዛኛው ስለ ርዕሰ መምህሩ ጭካኔ ነበር። «ከዚህ ውስጥ እሳቸው ነገ ሊቀይሩት የሚችሉት የትኛውን ነው?» ስለው ብዙውን ሰረዘና «ያረፈደ ይቀጣ፤ ነገር ግን ከግቢ ውጭ አይጣል» የሚል ብቻ ቀረ። ሰዓት ማክበርን እንዳልተቃወመ ያን ጊዜ ለራሱም ግልጽ ሆነለት። የእርስዎም ልጅ የምትቃወመው በክፍል ውስጥ ስልክ መከልከሉን ነው ወይስ ንብረቷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መያዙን? ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ብዙ መምህራንን ሳይቀር ሊያሳምን ይችላል።

ማመልከቻው በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህር ባይሄድ ይሻላል። በመጀመሪያ ሆምሩም መምህሯን፣ ቀጥሎ ዩኒት ሊደሩን (የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለውን ኃላፊ) ያናግሩ፤ የታለፈ ሰው ብዙ ጊዜ ተቃዋሚ ይሆናል። ፊርማው ከየክፍሉ ይሰብሰብ፤ ጥቂት ስሞች ብቻ ከታዩ እነዚያ ልጆች «አድማ አነሳሽ» ተብለው ይለያሉ። ቀን ይጻፍበት፣ ቅጂው ላይም የተቀባዩ ፊርማ ይኑር። ምላሽ ከጠፋ የወላጅ መምህር ኅብረት አለ፤ እዚያ መናገር የእርስዎ ድርሻ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብንና አቤቱታ የማቅረብን መብት፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብታቸውን ያረጋግጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲደመጥ ይጠይቃል። ልጅዎ ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል፤ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ግን አንቀጽ ባትጠቅስ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም አንባቢው ጥያቄውን ትቶ ክስ እንደ ቀረበበት ይቆጥረዋል።

ስለ ቅጣቱም ሳይሸፋፍኑ ያነጋግሯት። ክፍል አለመግባት ማስጠንቀቂያ፣ «ወላጅ አምጪ» መባልን፣ ምናልባትም መታገድን እንደሚያስከትል አውቃ ትወስን። እኔ ለልጄ አጥብቄ የከለከልሁት ሦስት ነገር ነበር፤ ከግቢ ወጥቶ አስፋልት ላይ መሰለፍ፣ ንብረት መንካት፣ መግባት የሚፈልገውን ተማሪ ማስገደድ። ከግቢ ውጭ ከወጡ ነገሩ ከመምህራን እጅ ወጥቶ የፖሊስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከእኛ ከወላጆች አቅም በላይ ነው።

ሲጠሩ አብረዋት ይሂዱ፤ ነገር ግን እሷ ትናገር። ልጄ ሲንተባተብ ቃሉን ከአፉ ለመንጠቅ እጅግ ተፈትኜ ነበር። ይሁንና የሰሙት እሱን ነው፤ ያረፈዱት ግቢ ገብተው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በቤተ መጻሕፍት እንዲያሳልፉ፣ ማርፈዱ ከተደጋገመ ወላጅ እንዲጠራ ተወሰነ። ተማሪዎቹ ባስገቡት ደብዳቤ ስለ ፀጉር አቆራረጥም የጠየቁት ግን ተቀባይነት አላገኘም፤ ልጄም ይህ ውሳኔ ትክክል ነው ብሎ እስከ ዛሬ አያምንም።

አሁን ቀኑ ስለ ተቃረበ ዛሬ ማታ ከሷ ጋር ይቀመጡና፣ ጓደኞቿ ዕቅዳቸውን በአንድ ሳምንት አራዝመው ማመልከቻውን እንዲያስቀድሙ ትጠይቅልዎት። «አይሆንም» ካሉ እሷ ብቻዋን ብትሆንም ደብዳቤዋን ታስገባ፣ እርስዎም በዚያው ቀን ሆምሩም መምህሯን ያግኙ።