በእርግዝናዬ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ በጎንደር ማራኪ አካባቢ የምኖር መምህርት ስሆን የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ውጭ አገር ያለችው እኅቴ እርሷ ነፍሰ ጡር ሳለች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መውሰዷን ነግራኝ እኔም እንድከተብ ትወተውተኛለች፤ እናቴ ደግሞ «ለጉንፋን ዳማከሴ እያለ ምን መርፌ ያስፈልግሻል?» ትለኛለች። በክትትሌ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስጃለሁ፤ ስለ ኢንፍሉዌንዛ ግን ማንም አላነሣልኝም። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ክትባቱን ማግኘት ከቻሉ ቢወስዱት ይሻላል እንላለን። የእናትዎ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባናል፤ አፍንጫ የሚያፈሰውንም፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለውንም በአንድነት «ጉንፋን» ስለምንል ኢንፍሉዌንዛ ከዳማከሴ የማያልፍ ነገር ይመስለናል። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው፣ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ የሚታሰበው ወረርሽኝ ግን ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

በእርግዝና ወቅት የሰውነት የመከላከል ሥርዓት ስለሚለወጥ፣ ልብ ከወትሮው በላይ ስለሚሠራና እያደገ የሚሄደው ማሕፀን ሳንባን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ሌላው ሰው በሳምንት የሚያልፈው ሕመም በነፍሰ ጡር ላይ ወደ ሳንባ ምች ሊዞር ይችላል። ለእኛ ሚዛን የሚደፋው ግን የሕፃኑ ነገር ነው። ሕፃን ስድስት ወር ሳይሞላው ይህ ክትባት አይሰጠውም፤ እናቱ ከተከተበች ግን ሰውነቷ የሠራው ፀረ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ በእነዚያ ወራት ይጠብቀዋል። ገንፎ ሊቀምስ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ሕፃኑን ሳይስም እንደማይሄድ እርስዎም ያውቁታል።

በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት በሽታውን አያስይዝም፤ በማንኛውም የእርግዝና ወር ይሰጣል። ክንድ ማመም፣ ድካም ወይም ቀላል ትኩሳት ቢኖር በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል። በአፍንጫ የሚረጨው ዓይነት ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከዚህ ቀደም ክትባት ወስደው ከባድ አለርጂ ከገጠመዎ አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ።

በአገራችን የነፍሰ ጡር ክትትል የተለመደው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስለሆነ፣ የባለሙያዎቹ ዝምታ የኢንፍሉዌንዛው ይጎዳል ማለት አይደለም፤ አንዱም ሌላውን አይተካም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ አዋላጅ ነርሷን በከተማው የት እንደሚገኝ ይጠይቋት። ካገኙትም የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉንና በማቀዝቀዣ መቀመጡን ያረጋግጡ። መከላከያው እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ከሚጨናነቀው ሕዝብ መካከል ከመግባትዎ በፊት ቢያስቡበት መልካም ነው።

ክትባቱ ባይገኝ የመማሪያ ክፍሉን መስኮት ይክፈቱ፣ እጅዎን ቶሎ ቶሎ ይታጠቡ። ትኩሳት ከያዘዎ ግን ዳማከሴ እየጨመቁ ቀን አይቁጠሩ፤ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነውና። ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም የልጅዎ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።