የታሪክ ዲግሪ፣ የመጀመሪያ ደመወዝና የኮሌጅ ብድር፦ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በአንድ ኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ልጆቻቸው ታሪክ፣ ፍልስፍና ወይም ሥነ ጽሑፍ መማር የፈለጉባቸው ወላጆችና ተማሪዎቹ ራሳቸው ለላኩልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ታሪክ ካልተማርኩ ብላለች። እኔ ነርሲንግ ይሻልሻል እላለሁ። በታሪክ ዲግሪ ዕዳ ተከፍሎ ያልቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነርስ ደመወዝ ከታሪክ ምሩቅ ደመወዝ እንደሚበልጥ አልክድም። ይሁን እንጂ ዕዳውን ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርገው የትምህርቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ ማን ተበደረ፣ ስንት ተበደረ የሚለው ነው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ስለሆነ፣ በአራት ዓመት ከ27,000 ዶላር አያልፍም። በ2025–26 የትምህርት ዘመን በነበረው የ6.39 በመቶ ወለድ፣ በትምህርት ላይ ሳለች የሚጠራቀመው ሳይጨመር፣ በ10 ዓመት እንዲያልቅ ቢሰላ የወሩ ክፍያ 305 ዶላር ያህል ይሆናል። ልጅዎ በዓመት 42,000 ዶላር ብትጀምር፣ ይህ ከግብር በፊት ከምታገኘው ከ9 በመቶ በታች ነው። ኑሮዋን ጠበብ ያደርገው ይሆናል እንጂ አያሰምጣትም። እኔን አብልጦ የሚያስፈራኝ ሳትወደው የገባችበትን ትምህርት መሐል ላይ አቋርጣ፣ ያለ ዲግሪ ከዕዳ ጋር እንዳትቀር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን የተቀበለው የግል ኮሌጅ በላከልን ደብዳቤ ላይ «ቀሪ ክፍያ 0» ይላል። ታዲያ ዕዳው ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤውን መስመር በመስመር እንደገና ያንብቡት። በአብዛኛው ከላይ የኮሌጁ ስኮላርሺፕ፣ ቀጥሎ ለሚገባው ተማሪ በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰው፣ ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የፌዴራል ስጦታ፣ ከዚያ በልጁ ስም የሚወሰደው ብድር፣ በመጨረሻ ደግሞ «ፓረንት ፕላስ» የሚል መስመር ይኖራል። ሁሉም በአንድ ዓምድ ስለሚደመሩ ስጦታውና ብድሩ አይለዩም። ይህ የመጨረሻው መስመር እርስዎ በስምዎ የሚፈርሙት ብድር ነው። ወለዱ በ2025–26 የትምህርት ዘመን 8.94 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ ገንዘቡ ኮሌጁ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጥበታል። በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይህን ብድር ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ገድቦታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚወሰደው ደግሞ በገቢ ልክ የመክፈል ዕድል የለውም። 65,000ው በ10 ዓመት እንዲያልቅ ቢሰላ በወር 820 ዶላር ያህል ይጠይቃል። የልጁ 305 ሲጨመርበት ከላይ ከጠቀስኩት ደመወዝ ወደ ሲሶው ይደርሳል። ብዙ ወላጅ «ልጁ ተመርቆ ይከፍለዋል» ብሎ ይፈርማል፤ በሕግ ፊት ግን ባለዕዳው ወላጁ ብቻ ነው፣ ጡረታ ቢወጣም ዕዳው ይከተለዋል። ስለዚህ የልጅዎን ምርጫ ሳይሆን ይህን መስመር ይቃወሙ።

ጥያቄ፦ የአንድ ኮሌጅ ምሩቃን ስንት እንደሚያገኙ የት አያለሁ?

መልስ፦ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በሚያቀርበው «ኮሌጅ ስኮርካርድ» በተባለው ድረ ገጽ ላይ የኮሌጁን ስም ስትጽፊ፣ በየትምህርት ዘርፉ የምሩቃንን መካከለኛ ገቢና ብድር ታገኛለሽ። ቁጥሩ የፌዴራል እርዳታ ያገኙትን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ምሩቃኑ ጥቂት የሆኑበት ዘርፍ ገቢ አይታይም። በሁለት ኮሌጆች መካከል ስትመርጪ የአንዱን ዘርፍ ገቢ ከዚያው ዘርፍ ብድር ጋር አነጻጽሪ፤ ጠቅላላ ብድርሽ ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝሽ እንዳይበልጥ ማድረግ ብዙ አማካሪዎች የሚስማሙበት ልክ ነው።

ጥያቄ፦ አገር ቤት እንደነበረው ወጪ መጋራት አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም። እዚያ ተመራቂው የሚከፍለው ከደመወዙ በመቶኛ ታስቦ ነው፤ እዚህ ግን ተማሪው ራሱ አመልክቶ በገቢ ልክ ወደሚከፈልበት ዕቅድ ካልገባ፣ ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም ቁርጥ ክፍያ ይጠበቅበታል።

ጥያቄ፦ ፍልስፍና ተምሬ ሕግ መቀጠል አስባለሁ። ዕዳው ያዛልቀኛል?

መልስ፦ መንገዱ የታወቀ ነው፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች የተወሰነ የመጀመሪያ ዲግሪ ስለማይጠይቁ ፍልስፍናው አያግድህም። ችግሩ የጠበቆች መነሻ ደመወዝ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፦ ትልልቅ ቢሮ የገቡት እጅግ ከፍ ያለ ሲያገኙ፣ ብዙዎቹ ከዚያ በጣም ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። ከላይ የጠቀስኩት በ2025 የወጣው ሕግ ለሕግ ትምህርት ቤት ተማሪ የፌዴራል ብድሩን በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ወስኖታል፤ ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ወደ ግል አበዳሪ ይገፋሃል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪህን በተቻለ መጠን ያለ ብድር ጨርስ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ሠርተህ 120 ብቁ ክፍያ ከፈጸምክ፣ በ2007 በወጣው ሕግ መሠረት ቀሪው የፌዴራል ብድር ይሰረዝልሃል፤ ለመምህርነት ያሰባችሁም ይህን ያዙት።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ከባንክ ሲበደር ኮሳይን እንዳደርግለት፣ ማለትም አብሬው እንድፈርምለት ጠይቆኛል።

መልስ፦ አይፈርሙ። እሱ ካልከፈለ እርስዎ ይከፍላሉ፤ የግል ብድር ደግሞ ከላይ ያልኩት የመሰረዝ ዕድል የለውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብድሩን በምን እንቀንሰው?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ክፍያው አነስ ባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ማለትም በኮሚኒቲ ኮሌጅ በመማር። ሜሪላንድ ያለው ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቨርጂኒያ ያለው ደግሞ ከኖቫ (ከሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይችላል፤ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን «አድቫንስ» የተባለ የጋራ ፕሮግራም አላቸው። ዲግሪው የሚሰጠው በመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት ግን የትኛው ኮርስ ለታሪክ ወይም ለፍልስፍና ዲግሪ እንደሚቆጠር ከሁለቱም ተቋማት አማካሪዎች በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የማይቆጠር ኮርስ የቆጠባችሁትን መልሶ ይበላዋል።