ክትባትና ልብ ምን አገናኛቸው? ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

እዚሁ ጎንደር የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ከአዘዞ፦ ዶክተር፣ አባቴ ግፊት አለባቸው። ጉንፋን ልብ ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

አፍንጫ ብቻ የሚያፈሰውን ተራ ጉንፋን ሳይሆን ኢንፍሉዌንዛን ከሆነ፣ አዎ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽታው በላቦራቶሪ በተረጋገጠባቸው ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰቱ ዕድል 6 እጥፍ ገደማ ነበር። ሰውነት ሲቆጣ ደም ቶሎ ይረጋል፣ ልብ ይፈጥናል፤ በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረው ስብም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ታዲያ መከተቡ ይጠቅማል?

ይጠቅማል። በስዊድን ሐኪሞች መሪነት በተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከ2,500 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ገና ልባቸውን የታመሙ ሰዎች ተሳትፈዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ወይም ልባቸው ዳግም የተጎዳው ካልተከተቡት 7.2 በመቶ፣ ከተከተቡት 5.3 በመቶ ነበሩ። አባትሽ ግን የግፊት መድኃኒታቸውን አንድ ቀን እንኳ አይተዉ፤ ክትባቱ ምትክ አይሆንም።

ከአራዳ፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ ክንዴ ላይ ያለው የቢሲጂ ጠባሳ ልቤንም ይጠብቅልኛል?

አባቴ፣ ጥያቄዎ ተመራማሪዎችንም ያስጨነቀ ነው። ቢሲጂ የተሠራው ለሳንባ ነቀርሳ ነው። ሆኖም አንዳንድ የደም ነጭ ሕዋሳትን ስለሚያነቃቃ፣ በኋላ ሌላ ጀርም ሲመጣም ፈጥነው ይነሳሉ። በኔዘርላንድ እነ ሚሃይ ኔቴያ በ2011 እ.ኤ.አ. «የሠለጠነ መከላከያ» ብለውታል። ሥልጠናው ግን ሁለት ስለት አለው። በደም ውስጥ የተበላሸ ኮሌስትሮልም እነዚያኑ ሕዋሳት ያሠለጥናል፤ ያኔ ቁጣቸው በገዛ ቧንቧችን ላይ ይሆንና ስቡ ይበልጥ ይጋገራል። ቢሲጂ ልብን እንደሚጠብቅ እስካሁን አልተረጋገጠም። በጠባሳው ተማምነው ምርመራዎን አይተዉ።

ከማራኪ፣ አንዲት እናት፦ የ9 ዓመት ልጄን ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማታል። እንጥሏን ላስቆርጥ ወይስ ክትባት አለው?

እባክሽ እህቴ፣ እንጥሏን አታስነኪ። መቆረጡ ጀርሙን አያጠፋውም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ግን ያመጣል። ጉሮሮን ለሚያሳምመው ለዚህ ጀርም፣ ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ለሚባለው፣ እስካሁን አገልግሎት ላይ የዋለ ክትባት የለም። ክትባቱን ለመሥራት አንዱ ችግር እዚሁ ነው፦ ሰውነት ጀርሙን ሊመታ የሠራው መሣሪያ የጀርሙን አካል ከልብ ቫልቭ ጋር ያምታታና ወገኑን ይመታል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። በአገራችን ወጣቶችን ገና በጠዋቱ የሚያደክማቸው፣ እኔንም በዋርድ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ መከላከያው ርካሽ ነዋ! ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ሩማቲኩን ማስቀረት ይቻላል። ትኩሳት ካላትና ስትውጥ የሚያማት ከሆነ ነገ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

እዚያው ሥር ሌላ ሰው፦ ወንድሜ ለሩማቲክ ልብ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ያማል፤ ደህና ከሆነ ቢያቆምስ?

አያቁም። መርፌው የተጎዳውን ቫልቭ አያድንም፤ አዲስ የጉሮሮ ኢንፌክሽን መጥቶ ጉዳቱን እንዳይጨምር ግን ይከለክላል። ደህና የሆነውም መርፌው ስላልተቋረጠ ይሆናል። ሕመሙን ለመቀነስ በዝግታ እንዲወጉት ይጠይቅ፤ የማቆሚያውን ጊዜ የሚወስነው ቫልቩን በአልትራሳውንድ የሚያየው ሐኪሙ ነው።