የማይጠጣ ሰው መሐላ?

ጥያቄ፦ ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን «አፍሪካ ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና ናት» የሚል ነገር ተምራ መጣች። ሳቄ አመለጠኝ። ቦምብ መሥራት የማይችል አህጉር «አልሠራም» ብሎ ቢፈርም ምን ይደንቃል? ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ እንደ መማል አይደለም? ልጄ ግን ተቀየመችኝ። ማናችን ነን ልክ?
የልጅቷ አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቋት። ምሳሌዎ አሪፍ ነው፤ ግን ጠጁን የቀመሰ አለ።

ደቡብ አፍሪካ ስድስት የአቶም ቦምብ ሠርታ ነበር። ሰባተኛው በጅምር ቀረ። ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ ይህን ለፓርላማ ያወጡት በ1993 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው)፤ ያኔ ቦምቦቹ ተፈታተው አልቀዋል። ልጅዎ የተማረችው የነፃ ቀጠና ስምምነት፣ የፔሊንዳባ ስምምነት፣ ስሙን ያገኘው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ፕሪቶሪያ አጠገብ ካለው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ነው። ፔሊንዳባ በአገሬው ቋንቋ «ነገሩ አለቀ» እንደ ማለት ነው። ጎኑ የነበረው ዩራኒየም ማበልጸጊያ (የቦምቡ ነዳጅ የሚዘጋጅበት) ደግሞ ቫሊንዳባ ይባል ነበር፤ ትርጉሙ «ስለዚህ ጉዳይ አናወራም» ነው ይላሉ። ምስጢር ያለው ሰው እንዲህ ብሎ በሩ ላይ ይለጥፋል? ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

ግቢያችን ገብተው የጠጡም ነበሩ። ፈረንሳይ የመጀመሪያ ቦምቧን ያፈነዳችው በፌብሩዋሪ 1960፣ በአልጄሪያ ሰሐራ፣ ረጋን አካባቢ ነው። ጉልበቱ 70 ኪሎ ቶን ገደማ (አንዱ ኪሎ ቶን የሺህ ቶን ፈንጂ ጉልበት ነው)፤ ጃፓን ሂሮሺማ ላይ የተጣለው 15 ገደማ ነበር። እስከ 1966 ድረስ 17 ጊዜ ሞከረች፤ አልጄሪያ ነፃ ከወጣች በኋላም ጭምር። ጂኦግራፊ ሳስተምር የክፍሌ ካርታ ላይ ሰሐራ ባዶ ቢጫ ነበር። ልጆቹ «እዚያ ምን አለ?» ሲሉኝ «አሸዋ» እል ነበር። ዛሬ ያ መልስ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ስምምነቱ «አልሠራም» ብቻ አይደለም። የሌላ አገር ቦምብ መሬታችን ላይ አይቀመጥም፣ አይሞከርም፣ የጨረር ቆሻሻም አይደፋም ይላል። ቦምብ ያላቸው ኃያላንም «አንተኩስባችሁም፣ አናስፈራራችሁም» ብለው የሚፈርሙበት አባሪ አለው። አሜሪካ እሱን ፈርማ አላጸደቀችውም። የውጭ መርከብ ወደብ ቢመጣ ማስገባት አለማስገባቱ ደግሞ ለየአገሩ ተትቷል። ይህች ቀዳዳ አትጥመኝም።

ካይሮ ላይ የተፈረመው በ1996 ነው። ሥራ ላይ እንዲውል 28 አገር ማጽደቅ ነበረበትና 13 ዓመት ፈጀ። ኢትዮጵያ በ2008 አጸደቀች፤ 28ኛዋ ብሩንዲ በ2009 ዘጋችው።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይጨምሩላት። በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ሐሳቡን ይዘው ከቀረቡት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። መምህሯን ትጠይቅበት። እኔን ተማሪዎቼ አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር።