ፑሉ ደርቆ ጠበቀን፣ ብራችንን ማስመለስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ዓመቱን ሙሉ አጠራቅመን ባለፈው ወር ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ለ7 ቀን አንታልያ ሄደን ነበር፣ በረራውም ሆቴሉም ምግቡም አንድ ላይ 2,800 ዩሮ። ስንደርስ ፑሉ ባዶ፣ ጎኑ ደግሞ ህንፃ እየተሰራ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድሪሉ ይጀምራል፣ በረንዳ ላይ ያሰጣነውን ፎጣ አቧራ ለብሶ ነው የምናገኘው። የ5 ዓመት ልጄ መንሳፈፊያዋን ክንዷ ላይ እንዳደረገች ደረቁ ፑል ዳር ቆማ «ማሚ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ እንባዬ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ለሪሴፕሽን ነገርን፣ በ3ኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ጉዞውን ለሸጠልን ድርጅት ተወካይ በዋትሳፕ ከነፎቶው ላክን፣ «እናያለን» ብሎ ቀረ። አሁን የ150 ዩሮ ቫውቸር ወስዳችሁ ጉዳዩ ይዘጋ እያሉን ነው። ባለቤቴ ተይው ይላል፣ እኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው። ቫውቸሩንም አትቀበዪ፣ «ሌላ ነገር አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ከመጣማ ጭራሽ እንዳትፈርሚ።

በረራና ሆቴል አንድ ላይ ስለገዛሽ ይሄ ጀርመኖች ፓውሻልራይዘ የሚሉት ነው፣ ተጠያቂውም ቱርክ ያለው ሆቴል ሳይሆን ጉዞውን የሸጠልሽ አዘጋጅ ድርጅት ነው። የተባለው ነገር ካልተሟላ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ በጥሬ ገንዘብ ይመለስልሻል፣ ሕጉ ነው።

ስንት ይቀነሳል ለሚለው፣ የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት በ1980ዎቹ ያወጣው ፍራንክፈርተር ታቤለ የሚባል ሰንጠረዥ አለ። ዳኛን አያስገድድም ግን ለድርድር በጣም ይጠቅማል። የቀን ጩኸት ከ5 እስከ 25 በመቶ፣ ፑል አለመኖር ከ10 እስከ 20 በመቶ ይላል። ለጩኸቱ 20 ለፑሉ 15 ብትይ 35 በመቶ ነው፣ የሚሰላውም በረራውን ጨምሮ ከጠቅላላው ዋጋ ነው። ያንቺ በቀን 400 ዩሮ ስለሚመጣ የቀን 140 ዩሮ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብዙ አበሻ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። ለሪሴፕሽን መንገር ብቻውን አይበቃም፣ ጉድለቱ ወዲያው ለአዘጋጁ ወይ ለተወካዩ መነገር አለበት፣ ካልተነገረ «ብናውቅ እናስተካክል ነበር» ይሉሻል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሊከራከሩሽ ይችላሉ፣ ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ያሉት 5 ቀናት ግን ዋትሳፑ ስላለሽ ጠንካራ ናቸው፣ 700 ዩሮ ነው። ያንን መልእክት ስልክ ስትቀይሪ እንዳይጠፋ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጊው።

ከዛ ደብዳቤ ጻፊ፣ ቀኑን፣ ጉድለቱን፣ ለማን መቼ እንደነገርሽ፣ የምትጠይቂውን ብርና የባንክ ቁጥርሽን አስገቢበት፣ 14 ቀን ስጫቸውና በአይንሽራይበን (በአደራ ፖስታ) ላኪው። በ1 ወር ውስጥ ካልጠየቅሽ አለቀ የሚሉሽን አትስሚ፣ ያ የድሮው ነው፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ወዲህ ለተያዘ ጉዞ ጉዞው ካለቀበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት አለሽ። እምቢ ካሉ ፈርብራውኸርሴንትራለ (የሸማቾች ምክር ማዕከል) ሄደሽ ተማከሪ፣ ትንሽ ያስከፍላል። አምትስገሪሽት (የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) ብትከሺ ደግሞ ለዚህ መጠን ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም፣ ሬሽትሹትስ ኢንሹራንስ (የጠበቃና የፍርድ ቤት ወጪ የሚሸፍን) ካላችሁ ግን ቀድመሽ ደውዪላቸው።

ልጅሽ ደረቁ ፑል ዳር የቆመችበት ፎቶ ካለሽ ከደብዳቤው ጋር መጀመሪያ እሱን አያይዢው።